ክፍል ሁለትን ማን መለሰው?

ጋሽ ህሩይ የመጽሐፍ ኪራይ ሱቃቸውን አርፍደው ከፍተው አያውቁም። በዚያ ሰፈር ሰዓቱ የቆመበት ሰው በእሳቸው በር ነበር የሚያስተካክለው። ስለዚህ አርብ ጠዋት የሂርና ሚኒባሶች ሞልተው መውጣት ከጀመሩ በኋላም በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ሲታይ፣ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ ዘርፈሽዋል ነገሩ አላማራቸውም። መንገዱን ተሻግረው በጣውላው ስንጥቅ አጮለቁ። መጀመሪያ የታያቸው ወለሉ ላይ የተበታተነ መጽሐፍ ነው፤ ቀጥሎ ጫማ፤ ከጫማው ጋር ደግሞ እግር። ጩኸታቸው ጫት ተራ ድረስ ተሰማ ይባላል። ጫት ተራ በዚያ ሰዓት የገዛ ራሱን ድምፅ እንኳ የማይሰማ ቦታ ስለሆነ፣ እንዴት እንደጮኹ መገመት ይቻላል።

ኢንስፔክተር ሳብሪና ስትደርስ ጓጉንቸሩ ተሰብሮ በሩ ተከፍቷል። ደፉ ላይ ቆም አለች። ይህን ሱቅ የምታውቀው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። የአማርኛ አስተማሪዋ መምህር ታምራት እጇን ይዘው አምጥተው፣ «ይህችን ልጅ መጽሐፍ አከራያት፤ ዋሷ እኔ ነኝ» ያሉበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። አባቷ ጫት ጫኝ ነበሩ፤ በቤታቸው መጽሐፍ መግዛት የሚታሰብ ነገር አልነበረም። አሁንማ ለማንም አይታሰብም። «ዘንድሮ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሽማግሌ ሰብስቦ ይመክራል» እያሉ ጋሽ ህሩይ ይቀልዱ ነበር። ከተማው ውስጥ ልቦለድ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያነበው ከእሳቸው እየተከራየ ነበር።

ሽማግሌው መሰላሉ ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው ላይ ደም ረግቷል። ከጎናቸው፣ አዲስ የተጣበቀ መጽሐፍ የሚጫኑበት የአሮጌ ባቡር ሐዲድ ቁራጭ ወድቋል።

«ከመሰላል የወደቁ ለማስመሰል ነው» አለ ሳጅን ተስፋዓለም። «ግን በሩ በውጭ በኩል ተቆልፏል። የጓጉንቸሩ መክፈቻ ሁለት ነው። አንዱ ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ፣ ሌላው ሶፊያ ጋ ነው። ጣቢያ አስገብቻታለሁ።»

«ያሳደጓትን ልጅ?»

«ያሳደጓትን። ሰኞ ዕለት እዚሁ በር ላይ ሲጣሉ ያልሰማ የለም። ሌባ ብለዋት እያለቀሰች ነው የሄደችው። ሰኞ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

ሳብሪና ጓጉንቸሩን አንስታ አገላበጠችው። «ይኼ ዓይነቱ ለመክፈት እንጂ ለመዝጋት መክፈቻ አይፈልግም። ገፋ ስታደርገው ጠቅ ይላል። ማንም ዘግቶት ሊሄድ ይችላል።»

ተስፋዓለም ክፉ ሰው አይደለም፤ ያገኘውን ነገር መልቀቅ ግን አይወድም።

ሳብሪና ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደች። መርፌ፣ ቀይ ክር፣ የዱቄት ሙጫ ያለበት ጣሳ። መሐል ላይ አዲስ ሽፋን የተለጠፈበት መጽሐፍ አለ፤ ሽፋኑ ተጨማዶ ወደ ላይ ተጠቅልሏል። ጎንበስ ብላ ሐዲዱን አየችው። ታችኛው ፊቱ ላይ ነጭ ሙጫ ደርቆበታል።

«ሐዲዱ እዚህ መጽሐፍ ላይ ተጭኖ ነበር» አለች። «ሙጫው ሳይደርቅ አንድ ሰው አነሳው። ሰው ከመሰላል ሲወድቅ ጠረጴዛ ላይ ያለ ብረት ተነስቶ አይከተለውም። ጋሽ ህሩይ ተቀምጠው እየሠሩ ሳለ ከኋላቸው የቆመ ሰው ነው የመታቸው። ከባንኮኒው ወዲህ እንዲያልፍ የሚፈቀድለት ማነው?»

«ሶፊያ» አለ ሳጅኑ ፈጠን ብሎ። ቀጥሎ እያመነታ ጨመረ፤ «የቤቱ ባለቤት አቶ መስዑድም ያልፋሉ። እትዬ ዘርፈሽዋል፣ መምህር ታምራት። ሌላ የለም።»

የመጨረሻውን ስም ስትሰማ ሳብሪና ለአፍታ እንኳ አልጠረጠረችም። ይህን በኋላ ስታስበው ራሷን ታዘበች።

ጋሽ ህሩይ መዝገብ የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። ማን ምን እንደወሰደ የሚናገረው መደርደሪያው ራሱ ነው። መጽሐፍ የተከራየ ሰው መያዣ ይሰጣል፤ መያዣውም መጽሐፉ በወጣበት ክፍተት ውስጥ ይቆማል። ተማሪዎች መታወቂያ ያስይዛሉ። የቆዩ ደንበኞች ደግሞ «ከእጅህ ቢርቅ የሚቆጭህን አምጣ» ይባላሉ። ስለዚህ በመጻሕፍቱ መካከል የእትዬ ዘርፈሽዋል የሻይ ማንኪያ፣ የአቶ መስዑድ አሮጌ ኖኪያ፣ የአንዱ ቀበቶ፣ የሌላው ምላጭ ቆመው ይታያሉ። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ወፍራም ልቦለድ ከሆነ ለሁለት ገምሰው በቀይ ክር ይሰፉታል። ክፍል አንድን ያልመለሰ ሰው ክፍል ሁለትን አያገኝም፤ ለሹምም፣ ለጓደኛም፣ ለማንም።

ሳብሪና ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ስባ ስትገልጠው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዱብ አለ። ሌላ ሳበች፤ ከእሱም ቅጠል ወደቀ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም ቅጠል አላቸው። በዚህ መሐል እጇ አንድ ቀይ ክር ያለበት ልቦለድ ላይ አረፈ፤ ክፍል ሁለት ይላል። አራገፈችው። ምንም አልወደቀም።

«ረስተውት ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

«ይሆናል» አለችና መጽሐፉን በላስቲክ አስጠቀለለችው።

እትዬ ዘርፈሽዋል እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር የጠበቋት።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ እኮ አብረን ስንስቅ ነበር!» አሉ። «እታፈራሁ የምትባል ሴት አለች፤ መጽሐፉ ውስጥ ማለቴ ነው። ባሏን ትተወው አትተወው እንደሆነ ሳላውቅ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ክፍል አንድን መለስኩና ሁለተኛውን ስጡኝ አልኳቸው። ሰው ጋ ነው አሉኝ።»

«ማን ጋ?»

«አልነገሩኝም። የሰው ንባብ የሰው ጓዳ ነው የሚሉት ነገር አላቸው። ብቻ ቦታው ላይ መያዣ ቆሟል፤ ጥቁር ነገር ነው፤ ከባንኮኒው ማዶ አልለየሁትም። እስኪመጣ ብለው ስለ ዶሮ እርባታ የሚያወራ መጽሐፍ ሰጡኝ። አሁን እኔና የዶሮ እርባታ ምን አገናኘን?» ሊስቁ ብለው እንደገና አለቀሱ።

«ያመጡትን ክፍል አንድ የት አስቀመጡት?»

«ከመጋረጃው ጀርባ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ለምን እንደሆነ እኔ እንጃ።»

«ማታስ?»

«ለመግሪብ አዛን ሲል የእሳቸው መብራት በርቷል። ከዚያ የኔ ቤት ሹፌሮች ሞሉበትና ቀና ብዬም አላየሁ።»

አቶ መስዑድ መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ ቆመው የጫት እስር ሲያስጭኑ አገኘቻቸው። ገና ሳትደርስ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ልጃቸው በኦሮምኛ ሰላም አሏት።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ! ይኼ ምን ዓይነት ጠዋት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አባ። ይቅርታ ያድርጉልኝና መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ቤቱን ለጫት ማሸጊያ ፈልገውት ነበር ይባላል።»

«ፈልጌ ነበር። አልክድም። ህሩይ እምቢ አለኝ፤ እኔም ተውኩት። ዋላሂ፣ ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ሰው በምን አፌ ውጣ እለዋለሁ? ትናንት መግሪብ መስጊድ ሰገድኩ፤ ከዚያ ከበደሳ የመጡ እንግዶች ነበሩኝ፤ ሁሉንም ጠይቂ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ሰውዬው ዘንድሮ ልቡ ተሰብሯል። ሱቁ ጭር አለ። ሰው ሁሉ የእሱን መጽሐፍ ስልኩ ላይ ነው የሚያነበው። አንድ ቀን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹መስዑድ፣ በገዛ እጄ እያወጣሁ ሰጥቼ ነው የተዘረፍኩት› አለኝ።»

መምህር ታምራት ከቤታቸው አልወጡም። ሳብሪና ስትገባ ብድግ ብለው ግንባሯን ሳሟት። ጡረታ ከወጡ አራተኛ ዓመታቸው ነው፤ ግን አሁንም ኮታቸውን ለብሰው ነው የሚውሉት።

«ሳብሪዬ፣ ምን ጉድ ነው ይኼ?» አሉ። ከደረት ኪሳቸው ጥቁር የመነጽር ቤት አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። የመነጽር ቤቱ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ነገር አለ። ጠመኔ ነው ብላ አሰበች፤ በልጅነቷ የዚህ ሰው ኮት፣ እጅ፣ ኪስ ሁሉ ጠመኔ ነበር። ናፍቀዋት እንደኖሩ የታወቃት ያኔ ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተገናኛችሁ፣ ጋሼ?»

«ማክሰኞ። የተከራየሁትን መጽሐፍ ልመልስ ሄጄ። ያ የእታፈራሁ ታሪክ፣ ክፍል ሁለቱ። ተቀበለኝ፤ እያየሁት መደርደሪያው ላይ ቦታው መለሰው፤ መያዣዬን ሰጠኝ፤ በቃ ተለያየን።» መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «ሥራሽ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ግን ያቺ ልጅ ስልኳ ከእጇ አይለይም። መጽሐፎቹ በስልክ ፎቶ እየተነሱ ቴሌግራም ላይ ይወጣሉ። እሱን የገደለው ይኼ ሐዘን ነው፣ አንድ ሰው በብረት ከመምታቱ በፊት።»

ሳብሪና ከግቢው ወጥታ በሩ ላይ ቆም አለች። ለማንም ስለ ብረቱ አልተናገረችም ነበር። እርግጥ ነው፣ ሳጅኑ አፉ ላይ ቁልፍ የለውም፤ ከተማው እስካሁን ሰምቶ ይሆናል። እንዲያ ብላ ራሷን አጽናናች።

ሶፊያ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እናቷ የሞተችው እሷ ጡት ሳትጥል ነው፤ ጋሽ ህሩይ ጎረቤት ነበሩና ዘመድ እስኪመጣ ብለው ወሰዷት። ዘመድ ሳይመጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት።

«ሰኞ ምን ተፈጠረ?» አለቻት ሳብሪና።

«መጽሐፎቼን ለቴሌግራም የምትሰጪው አንቺ ነሽ አለኝ። ማን ነገረህ ስለው፣ የማምነው ሰው ነገረኝ አለ። እኔንስ አታምነኝም ስለው ዝም አለ። ሐሙስ ማታ ቤት ሳይገባ ሲቀርም ከኩርፊያው የተነሳ ሱቅ ያደረ መስሎኝ ነበር።»

«በየመጽሐፉ ውስጥ ያለው ቅጠል ምንድነው?»

ሶፊያ ጥያቄው አልገባትም፤ ግን መለሰች። «ለትኋን ነው። አንዴ ከሰው ቤት በተመለሰ መጽሐፍ ትኋን ገብቶብን መከራችንን አየን። ከዚያ ወዲህ የተመለሰ መጽሐፍ ቀጥታ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ቅርጫት ውስጥ ያድርና በማግስቱ ጓሮ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ቅጠል የሚገባበት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ደንበኞች ያውቃሉ?»

«ትኋን አለብን ብለን እንንገራቸው? መጽሐፉን ስንሰጥ መጋረጃው ጀርባ አራግፈነው ነው። ከአባባና ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ልጅቷ ቀና አለች። «ፍርድ ቤት ውሰዱኝ፣ ግድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አባባ ሌባ ናት እያለ ነው የሞተው?»

ሳብሪና እውነቱን አታውቅም፤ ሟች አይጠየቅም።

ቢሮዋ ስትመለስ ሳጅን ተስፋዓለም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ቻናሉን አገኘሁት» አለ ጆሮው እየቀላ። ‹አገኘሁት› አለ እንጂ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ተከታዩ ነው። «ይኸው፣ አርባ ሺህ ሰው አለው። ባለቤቱ ስሙን አይናገርም። ሰዉ ‹የመጽሐፍ አባት› ነው የሚለው።»

ሳብሪና ገጾቹን አሳደገቻቸው። በየህዳጉ ቀይ ክር ይታያል፤ የጋሽ ህሩይ ስፌት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየገፋች የወጡበትን ቀን አየች። ክፍል አንድ ይወጣል፤ ተከታዮች ‹ሁለተኛውስ?› ብለው ይጮኻሉ፤ ባለቤቱ ‹ታገሡ› ይላል፤ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ክፍል ሁለት ይወጣል። በእያንዳንዱ ወፍራም መጽሐፍ እንዲሁ ነው። የእታፈራሁ ክፍል ሁለት የወጣው ረቡዕ ዕለት ነው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያሰበችው ስለ ጠመኔው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ያልነካ ሰው ጠመኔ ከየት አመጣ?

ቅዳሜ ከቀብር መልስ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሶፊያ በሁለት ፖሊስ መካከል ሆና ነው አባቷን የቀበረችው፤ ሰዉ ሬሳውን ትቶ እሷን ሲያይ ነበር። አሁን መሰላሉ አጠገብ ቆማለች። አቶ መስዑድ በሩ ላይ፣ እትዬ ዘርፈሽዋል አግዳሚው ላይ፣ መምህር ታምራት ደግሞ በለመዱት ዱካ ላይ ከባንኮኒው ወዲህ ተቀምጠዋል። ሳጅን ተስፋዓለም በሩን ገርበብ አደረገው።

«ጋሽ ህሩይን የገደለው ሰው ሌባ ተብሎ እንዳይጋለጥ ፈርቶ ነው» ብላ ጀመረች ሳብሪና። «ስለዚህ ከሌብነቱ እንነሳ። መጻሕፍቱ ከዚህ ቤት እየወጡ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋሉ፤ ስፌቱ ይመሰክራል። ሶፊያ ናት ተባለ። ግን ሶፊያ የምትኖረው መጽሐፉ ውስጥ ነው። ሁለቱም ክፍል ሁልጊዜ እጇ ላይ አለ፤ ብትፈልግ በአንድ ቀን ትጨርሳቸዋለች። ይኼ ሰው ግን ክፍል አንድን ያወጣና ይጠብቃል። አንዳንዴም ክፍል ሁለት ሌላ አንባቢ ጋ ስለሆነ ብዙ ይጠብቃል። ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ ነው እንጂ የቤት ሰው አይደለም።»

«ያ ረቢ!» አሉ አቶ መስዑድ።

«ወደ ግድያው ልምጣ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘርፈሽዋል የእታፈራሁን ክፍል ሁለት ጠየቁ። አልነበረም፤ ቦታው ላይ ጥቁር መያዣ ቆሟል። አርብ ጠዋት እኔ ስገባ መጽሐፉ ቦታው ላይ ነው፤ ሳራግፈው ቅጠል የለውም፤ መያዣውም የለም። ስለዚህ መጽሐፉ የተመለሰው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነው። ታዲያ ማን መደርደሪያው ላይ አወጣው? ጋሽ ህሩይ አይደሉም። እሳቸው የተመለሰ መጽሐፍ ቅርጫት ውስጥ ይጥላሉ፤ እትዬ ዘርፈሽዋል ያመጡት ክፍል አንድ እስከ አሁን እዚያው ነው። ሶፊያም አይደለችም፤ ፀሐይ ሳይመታውና ቅጠል ሳይገባበት አታወጣውም። ቦታው ያስቀመጠው የቤቱን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ነው። ደንበኛ ነው። ሁልጊዜ መጽሐፍ መልሶ መያዣውን ይዞ መሄድ የለመደ እጅ፣ ሰው ገድሎም የለመደውን አደረገ።»

እትዬ ዘርፈሽዋል ቀስ ብለው ዞሩ። ያዩት መምህር ታምራትን ነው።

«እኔ ማክሰኞ ነው የመለስኩት» አሉ መምህሩ ረጋ ብለው። «ነግሬሻለሁ።»

«ነግረውኛል። ጋሽ ህሩይ እያየሁ ቦታው መለሰው ብለውኛል። በዚህ ቤት ግን እንዲያ ተደርጎ አያውቅም።»

«ሽማግሌ ሰው ነው፤ ቅጠሉን ረስቶ ይሆናላ! ዘርፈሽዋልም ሌላ ነገር አይታ ይሆናል።»

«ይሆናል። የመነጽር ቤትዎን ያሳዩኝ፣ ጋሼ።»

የመምህር ታምራት እጅ ደረት ኪሳቸው ላይ ቀረ። ሳብሪና ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብለው አውጥተው ሰጧት። ጥቁሩን ቤት መስኮቱ አጠገብ ወስዳ መጋጠሚያውን በጣቷ አሸችው። ነጩ ነገር አልጠፋም። በጥፍሯ ስትፍቀው እንደ ቅርፊት ተነሳ።

«ትናንት ሳየው ጠመኔ መስሎኝ ነበር» አለች። «ጠመኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ጠመኔ በጣት ይጠፋል፤ ይኼ የዱቄት ሙጫ ነው። ከሐዲዱ ግርጌ እጅዎ ላይ ተጣበቀ፤ ከእጅዎ መያዣዎ ላይ ቀረ። የክፍል ሁለት ሽፋን ላይም በሙጫ የደረቀ የጣት አሻራ አለ፤ ለምርመራ ይላካል። መጽሐፉን ኪስዎ ከተው፣ መያዣዎንም ባለበት ትተውት ቢሄዱ ኖሮ፣ አንዱ ተከራይ ነው ብዬ አልፍዎት ነበር።»

በውጭ አንድ ባጃጅ እያንጓረረ አለፈ።

«ሳብሪዬ» አሉ መምህር ታምራት። «ማንበብ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ ጋሼ። ለዚህ ቤትም ዋስ ሆነውኝ ነበር።»

ያኔ ሰውዬው ተሰበሩ። መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ግድያው አልነበረም። «መግዛት ለማይችል ልጅ በነፃ ሰጠሁ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ። «ጡረታ ስወጣ አንድ ሰው ደጄን አልረገጠም። እዚያ አርባ ሺህ ሰው አባታችን ይለኛል! ህሩይ ሐሙስ ጠርቶ መጽሐፉን ይዘህ ና አለኝ። ቀኖቹን አስተያይቶ ደርሶበታል። ለፖሊስ አልናገርም፤ ግን ለአንባቢዎቻችን ራስህ ተናገር አለኝ። ይህን ብሎ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ መስፋቱን ቀጠለ። በቃ እንደ ማንም ሰው!»

«ሶፊያ ናት ያሏቸውም እርስዎ ነዎት» አለች ሳብሪና። ጥያቄ አልነበረም። ልጅቷ ስትታሰር ይህ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሳብሪናን ግንባር ይስም ነበር።

ሶፊያ ከመሰላሉ ተላቀቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ ‹ጋሼ› እያለች ያደገችውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «አንተ እዚህ ዱካ ላይ ተቀምጠህ ከእኛ ጋር ስንት ቀን ምሳ በላህ?» መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሳብሪና ዞረች። «የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም።»

«አሁን እመልስልሻለሁ» አለች ሳብሪና። «አባትሽ ሌባዋ አንቺ እንደሆንሽ እያመኑ ቢቀሩ ኖሮ መምህር ታምራት የሚፈሩት ነገር አልነበረም። ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር። የተገደሉት አንቺ አለመሆንሽን ስላወቁ ነው።»

ሳጅን ተስፋዓለም ካቴናውን አውጥቶ ወደ መምህሩ ተጠጋ። ሽማግሌው እጃቸውን ሲዘረጉ መሬት መሬት እያዩ አንድ ነገር ጨመሩ። «ነገ ጠዋት አብረን እንሂድና ሶፊያን ይቅርታ እንጠይቃት አለኝ። እኔ ብቻዬን ዓይኗን ማየት አፍሬያለሁ አለ።»

ይዘዋቸው ሲወጡ እትዬ ዘርፈሽዋል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አቶ መስዑድ ለማሳለፍ ከበሩ ገለል አሉ።

ሶፊያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነፃ ነሽ ብትባልም የሰማች አትመስልም። ሳብሪና ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሐሙስ ምሳ አብረን ነበርን» አለች ልጅቷ። «አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። ትሪው ላይ እንዳቀረቀረ ሁለት ጊዜ ጎረሰና ተነሳ። አሁንም ሌባ ናት እያለ ነው ብዬ ተናደድኩ። በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ስሜን ጠራኝ።»

«ከዚያስ?»

«አኩርፌ ነበር» አለች ሶፊያ። «አቤት አላልኩትም።»